በመጋቢት ወንዝ አይሞላም

ግን አልዋሸሁም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሮተርዳም ኮርስ አለብኝ ነው እህቴን ያልኳት፣ ኮርስም ነበረብኝ፣ የምን ኮርስ ብላ ብትጠይቀኝ እነግራት ነበር፣ እነግራት ነበር? አይ፣ አልነግራትም ነበር፣ ራሴን አላውቅም እንዴ፣ የአረጋውያን እንክብካቤ አስተዳደር ነው አይደል ብላ ራሷ ጠይቃ ራሷ መለሰች፣ እኔ ሻይዬን አማሰልኩ፣ ስኳሩ ቀድሞ ሟሙቶ ነበር፣ እንዲሁ አማሰልኩ፣ ዝምታዬን አዎ ብላ ወሰደችው፣ ይኸው ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት አለፈ። ባቡሩ ሺዳምን እያለፈ ነው። ዛሬ እነግራታለሁ።

እነግራታለሁ፣ ምክንያቱም አርብ ኖታሪስ ጋ ቀጠሮ አለን፣ ውል የሚያዋውለው ጠበቃ ፊት ቀርበን ልንፈርም፣ እህቴ አበባይሽ ዴን ሃግ ላይ ባቋቋመችው ቤት ለቤት አረጋውያንን የሚንከባከብ ድርጅት ውስጥ እኔን እኩል ባለቤት ልታደርገኝ፣ የእሷ ስም፣ የእኔ ስም፣ ጎን ለጎን። ለዚህ ቀን ስትል ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ የመንገደኛ አዳራሽ ስትወለውል ጉልበቷን የጨረሰች ሴት ናት። እናታችን ከሞተች በኋላ እናቴ የሆነች ሴት፣ ከደሴ ያመጣችኝ ሴት። ከፈረምኩ ደግሞ ከዚያ ንቅንቅ የለም፣ ሌላ ቦታ መሄድ የለም፣ ሌላ ቦታ ግን አለ፣ ሮተርዳም ወደቡ ዳር ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ዛሬ ጠርቶ እስከ ነገ መልስሽን እንጠብቃለን ብሎኛል፣ መልሴ አዎ ነው፣ በልቤ አዎ ካልኩ ቆየሁ፣ ከአፌ ነው ያልወጣው።

ፕሮግራም እጽፋለሁ። ይኸው፣ ባቡር ውስጥ ለራሴ ብቻ ስለው እንኳ ጆሮዬ ይግላል፣ ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው ሴት ዳቦዋን ትገምጣለች፣ አማርኛ አታውቅም፣ ብታውቅስ፣ ሐሳብ አይሰማም፣ ተረጋጊ የትነበርሽ። ሌላው ሰው እንደሚደብቀው ነገር አይደለም እኮ የደበቅኩት፣ ሰው የሚደብቀው የሚያፍርበትን ነው፣ እኔ የደበቅኩት የምወደውን ነው፣ ለካ እሱም ያሳፍራል።

ሲ የሚባል ቋንቋ አለ፣ ወጣቶቹ ያረጀ ነው ይሉታል፣ ይበሉት፣ ወደቡ ላይ የትኛው ኮንቴይነር የት እንደተቀመጠ፣ በየትኛው መርከብ መጥቶ በየትኛው መኪና እንደሚወጣ የሚያውቁት ፕሮግራሞች በእሱ ነው የተጻፉት፣ የጻፏቸው ሰዎች ጡረታ እየወጡ ነው፣ ፕሮግራሞቹ ጡረታ አያውቁም፣ ሌሊትም ቀንም ይሠራሉ፣ የሚገቡት አንድ ሰው ያስፈልጋል፣ ያ ሰው እኔ ነኝ። መረጃው ያለው ዳታቤዝ ውስጥ ነው፣ ዳታቤዝ ማለት በረድፍ በረድፍ የተደረደረ ጎተራ ነው፣ ሲ ደግሞ ብቻውን ጎተራውን መጠየቅ አይችልም፣ ስለዚህ በሲው መሃል ሌላ ቋንቋ ይሰገሰጋል፣ የመጠየቂያው ቋንቋ፣ ከፊቱ አንዲት ምልክት ይቀድመዋል፣ ከዚህ ቀጥሎ ያለው የእኔ አይደለም፣ የእሱ ነው የምትል ምልክት፣ ከዚያ አንድ አስተርጓሚ ቀድሞ ይመጣና ምልክቷን እያየ የተሰገሰገውን ሁሉ ወደ ሲ ይመልሰዋል። ይህን አስተማሪዬ ኬስ ሲያስረዳ ክፍሉ ሁሉ ግንባሩን ቋጠረ፣ እኔ ሳቄ መጣ። እኛ ቤት እንዲህ አይደል እንዴ የሚወራው፣ የእህቴ ልጅ ሄርሜላ፣ እማዬ ሐኪም ጋ አፍስፕራክ አለኝ ግን ትራሙ ፈርትራኺንግ አለው ስትል፣ ቀጠሮዋም መዘግየቱም በሆላንድኛ፣ የቀረው በእኛ፣ እህቴ በመሃል አስተርጓሚ፣ ልዩነቱ ሄርሜላ ምልክት አታስቀድምም፣ ሳታስጠነቅቅ ነው የምትገባው።

ኬስ ዕድሜውን ወደቡ ላይ ፕሮግራም ሲጽፍ የኖረ ሽማግሌ ነው፣ አሁን ሮተርዳም ደቡብ ውስጥ ከቤተ መጻሕፍት በላይ ባለች ክፍል ያስተምራል፣ ሹራቡ ክርኑ ላይ ተቀዷል፣ ማመስገን አያውቅም፣ ጥሩ ነው የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም፣ በጣም ደስ ሲለው ካን ይላል፣ ይሆናል እንደ ማለት። የሮተርዳም ሰው እንዲህ ነው፣ እኔ ግን ወደድኩት፣ ሰው ሲያመሰግነኝ የምገባበት ይጠፋኛል፣ ካን ሲለኝ ግን መግቢያ መፈለግ የለም፣ ይሆናል፣ ቀጥዪ። አንድ ቀን የጻፍኩትን ከላይ እስከ ታች አነበበ፣ ወንበሩን አዞረ፣ ይህን ማን አስተማረሽ አለኝ፣ አንተ አልኩት፣ እኔ እንዲህ አልጽፍም፣ የእኔ ይረዝማል አለ፣ ተነሥቶ ሻይ ሊቀዳ ሄደ። ያን ቀን ባቡር ተሳስቼ በአምስተርዳሙ ተሳፈርኩ፣ ስኪፖል ስንደርስ ነው የነቃሁት፣ እህቴ ወለል ስትጠርግበት የነበረው ጣቢያ ወርጄ ለብቻዬ ስስቅ ቆምኩ፣ መንገደኛው ሻንጣውን እየጎተተ በጎኔ ያልፋል፣ እኔ እስቃለሁ፣ አፌን በስካርፌ ሸፍኜ።

ደሴ የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ፣ ጥሩ አስተማሪ፣ ድምፄ ከሦስተኛው ረድፍ አያልፍም እንጂ፣ የኋላ ወንበር ያሉት ከሰሌዳው ላይ ነበር የሚማሩት፣ እኔ እጽፋለሁ፣ እነሱ ያነባሉ፣ ስናገር የምሰወረው ስጽፍ ግልጽ እሆናለሁ። እዚህ ስመጣ ሁሉም ሰው ስለ እኔ ያውቅ ነበር፣ ዞርግ ግቢ፣ እንክብካቤ ላይ ሥራ አይጠፋም፣ አንቺ ደግሞ ለስላሳ ነሽ፣ ለሽማግሌ ትሆኛለሽ፣ እኔም እሺ አልኩ፣ እውነትም ሽማግሌ እወዳለሁ፣ የእህቴ ቢሮ ውስጥ ማን ወደ ማን ቤት በስንት ሰዓት እንደሚሄድ የምደለድለው እኔ ነኝ፣ ተሳስቼ አላውቅም። እወዳቸዋለሁ። ግን ቅዳሜ ጠዋት ስነሣ ልቤ የሚመታው ለሌላ ነው።

እና ያንን ደግሞ እህቴ አየች። አየችና በራሷ ተረጎመችው። ቅዳሜ ጸጉሬን አበጥሬ ሽቶ ነካ አድርጌ ስወጣ፣ ማታ በባዶ ሆዴ ሳንጎራጉር ስገባ፣ ሮተርዳም ያለው ኮርስ ጢም አለው እንዴ አለችኝ፣ ሄርሜላ ወለል ላይ እስክትንከባለል ሳቀች፣ እኔ ፊቴ በርበሬ መሰለ፣ መቅላቴ ማረጋገጫ ሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ዶሮ በሠራች ቁጥር ለሮተርዳም ኮርስ አንድ ጭልፋ ላስቀምጥ ትላለች። እኔ ምን አደረግኩ? ዝም። ቢሆንስ ብላ ትኑር፣ ከእውነቱ ይሻላል፣ ሰው ወደድኩ ቢባል ዘመድ ሁሉ ይገባዋል።

ዴልፍት። ሰው ይወርዳል፣ ሰው ይገባል፣ ቦርሳዬን ጉልበቴ ላይ አደረግኩ። እንዴት ልጀምር፣ እትዬ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አይሆንም፣ እንዲህ ሲባል ሰው የሞተ ይመስላታል። እትዬ ደስ የሚል ነገር አለ፣ ይህም አይሆንም፣ ዶሮ ትሠራለች። ደግሞ ልደቱ አለ። የልደቱ ጉዳይ አለብኝ።

የልደቱ ጉዳይ ይህ ነው፣ ባለፈው ዓመት መጨረሻ የቢሯችን ኮምፒዩተር ላይ ለልምምድ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ሠራሁ፣ ጠዋት ጠዋት የምንንከባከባቸውን አረጋውያን አንድ በአንድ ከጎተራው እያወጣች ዛሬ ልደቱ የሆነውን ስም ታወጣለች፣ እህቴ ኬክ ይዛ ትሄዳለች፣ የድርጅታችን ወግ ሆነ፣ ማሽኑ ነው የሚነግረን ትላለች ለሰው ሁሉ፣ አብሮት የመጣ ነገር ይመስላታል፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ማሽኑ ነው ስትል እሰማለሁ፣ አዎ ማሽኑ ነው እላለሁ። እሺ። ባለፈው ሳምንት ማሽኑ ሁለት ስም አወጣ፣ ጋሽ ገብረሥላሴ፣ እማማ ጸሐይወርቅ፣ አንድ ፎቅ ላይ በር ለበር የሚኖሩ፣ ጋሽ ገብረሥላሴ የሚያጫውቱት መዝሙር በግድግዳው አልፎ እማማ ቤት ይገባል፣ እማማ የሚጸልዩት ጸሎት እሳቸው ቤት ይገባል፣ በዚህ የተነሣ ሰላምታቸው በአንገት ብቻ የሆነ። ጋሽ ገብረሥላሴ ሆስፒታል የተወለዱ፣ ወረቀት ያላቸው፣ በዚያም የሚኮሩ ሰው ናቸው። የእማማ ጸሐይወርቅ መታወቂያ ላይ ግን ዓመቱ ብቻ አለ፣ ቀኑ ዜሮ፣ ወሩ ዜሮ፣ እዚህ አገር ማዘጋጃ ቤቱ የማያውቀውን ዜሮ ዜሮ ብሎ ነው የሚጽፈው። እህቴ ማሽኑ ያወጣውን ስም አነበበች፣ እጇን ጭንቅላቷ ላይ አደረገች፣ አያችሁ፣ ማዘጋጃ ቤቱ አገኘላቸው፣ ይህን ሁሉ ዘመን፣ አለች፣ ሁለተኛ ኬክ አስገዛች፣ ሄርሜላን ከትምህርት ቤት አስቀረች።

እኔም ሄድኩ። ሻማው በራ፣ ሄርሜላ ባለቀለም ወረቀት መስኮቱ ላይ ሰቀለች፣ ዘመረች፣ እንደ አገሩ ደንብ ለጎረቤትም እንኳን ደስ ያለህ ብላ የጋሽ ገብረሥላሴን እጅ ጨበጠች፣ አንተ እያለቻቸው፣ እሳቸው፣ እኔን ለእሷ ልደት እንኳን ደስ ያለህ ትለኛለች፣ ዕድሜ ልኬን ብቻዬን የያዝኩትን ቀን ይህች ሴትዮ ግድግዳ ፈልቅቃ ወሰደችብኝ አሉ፣ ሁሉም ሳቀ፣ እማማ ጸሐይወርቅም ሳቁ፣ ሻማውን እፍ አሉ፣ እኔ ግን ሳህን ይዤ እንደቆምኩ ደረቅሁ። ገባኝ። እዚያው፣ ኬኩ አፌ ውስጥ እያለ፣ የትኛው መስመር ላይ እንዳለ ስህተቱ ታየኝ።

አንድ ብርጭቆ ነው። ፕሮግራሙ ከጎተራው አንድ ረድፍ ያወጣል፣ የልደቱን ቀን ብርጭቆ ውስጥ ይቀዳል፣ ያያል፣ ቀጣዩን ያወጣል፣ እዚያው ብርጭቆ ውስጥ ይቀዳል፣ አዲሱ አሮጌውን ይተካል፣ እንዲህ እያለ በየአድራሻው ይሄዳል፣ ጋሽ ገብረሥላሴ በር ላይ ደረሰ፣ መጋቢትን ቀዳ፣ ቀጥሎ እማማ ጸሐይወርቅ በር፣ የእሳቸው ቀን ባዶ ነው፣ ዜሮ ዜሮ ያለውን እኔው ባዶ አድርጌ ነው ያስገባሁት፣ ባዶ ደግሞ አይቀዳም፣ ባዶ ምንም ነገር አይገፋም፣ ብርጭቆው ውስጥ የጎረቤታቸው ቀን እንዳለ ቀረ፣ ፕሮግራሙ አየው፣ መጋቢት፣ አላቸው። መድኃኒቱን ኬስ ገና በመጀመሪያው ወር ነው ያስተማረን፣ ከእያንዳንዱ ብርጭቆ ጎን አንዲት ጠቋሚ ታቆማላችሁ፣ የመጣው ባዶ ከሆነ ጠቋሚዋ ከዜሮ በታች ትወርዳለች፣ እሷን ሳታዩ ብርጭቆውን አትንኩ፣ አለ፣ እኔ ለስሙ አላቆምኩም፣ ስም የሌለው ሰው የለም፣ ለልደቱም አላቆምኩም፣ ልደት የሌለው ሰው የለም ብዬ። ልደት የሌለው ሰው የለም። እኔ! የእናቴን ቀን የማላውቅ፣ አያቴ በየትኛው ዓመት እንደተወለደች ማንም የማያውቅ፣ ቁጭ ብዬ እንደ ሆላንድ ልጅ አሰብኩ፣ ልደቱ የተጻፈለት ኬስ ሊረሳት ይችል የነበረችውን መስመር የረሳኋት እኔ ነኝ።

በማግስቱ አስተካከልኩት። ቀላል ነው፣ ሁለት መስመር። ፕሮግራሙ ተስተካከለ፣ ሰዎቹ ግን አልተስተካከሉም፣ እማማ ጸሐይወርቅ የሰው ቀን ይዘው ተቀምጠዋል፣ እህቴ በየስልኩ ማዘጋጃ ቤቱን ታመሰግናለች።

ዴን ሃግ። ነፋሱ ጨው ጨው ይላል፣ ትራሙ መጣ፣ ቢሮው ከመድረሴ በፊት አንድ ቦታ እወርዳለሁ፣ እማማ ጸሐይወርቅ ጋ፣ ከእህቴ በፊት እሳቸው ማወቅ አለባቸው፣ ደስታቸውን የምነጥቃቸው እኔ ልሁን፣ ፊታቸውን አይቼ ልንጠቃቸው። ደረጃው የሳሙና ሽታ አለው። የጋሽ ገብረሥላሴ መዝሙር ይሰማል፣ ቀነስ ብሏል፣ ከልደቱ ወዲህ ቀንሰዋል።

በሩን ራሳቸው ከፈቱ፣ ግቢ ልጄ፣ ለኬኩ ከሆነ የመጣሽው አልቋል፣ አሉ። ባለቀለሙ ወረቀት አሁንም መስኮቱ ላይ ነው፣ አንደኛው ጫፉ ተላቆ ወርዷል። ተቀመጥኩ፣ ቦርሳዬን አልለቀቅኩም፣ እማማ ስለዚያ ቀን፣ አልኩ። ስለየትኛው ቀን፣ አሉ፣ ስለ ገብረሥላሴ ቀን?

ቀና ብዬ አየኋቸው። ጥርሳቸው ታየ፣ እየሳቁ ነው፣ እያፈሩም ነው፣ ሁለቱ አብሮ እንደሚሆን እኔ አውቃለሁ። እኔ የተወለድኩት ክረምት ነው፣ አሉ፣ የሰፈራችን ወንዝ ሞልቶ አዋላጇ ማዶ ቀርታ፣ ከዚያ ማዶ እየጮኸች እንዲህ አድርጊ እንዲያ አድርጊ እያለቻት ነው እናቴ የወለደችኝ፣ ሳጠፋ ሁሉ፣ በጩኸት የተወለደች እየተባልኩ ነው ያደግኩት፣ በመጋቢት ወንዝ ይሞላል እንዴ? በመጋቢት ወንዝ አይሞላም።

ታዲያ እያወቁ ለምን ዝም አሉ፣ አልኳቸው።

ምን ልበል ልጄ፣ እህትሽ ሻማ ለኩሳ ቆማ፣ ልጅቱ እየዘመረች፣ ሰው ሊያከብርሽ እጁን ሲዘረጋ ትመልሻለሽ? እፍ አልኩ። ግን እፍ ካልኩ ወዲህ ሰላም የለኝም፣ አበባይሽ ለከርሞ ደግሞ ትልቁን ኬክ ብላ ቃል ገብታልኛለች፣ ከርሞ ደግሞ ልስቅ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ልስቅ፣ በሰው ቀን ሻማ እያጠፋሁ ልሙት? አንቺ ንገሪልኝ። አንቺ ጨዋ ነሽ፣ እንዳይከፋት አድርገሽ ታውቂበታለሽ፣ ማሽኑ ተሳሳተ በያት።

ማሽኑ ተሳሳተ በያት። እንደዚያ ማለት እችላለሁ፣ ትራም ላይ ተመልሼ ተቀምጬ አስበዋለሁ፣ በጣም ቀላል ነው፣ እትዬ ማሽኑ ተሳስቷል፣ እህቴ ማሽኑን ትሳደባለች፣ ያልቃል፣ አርብ እፈርማለሁ፣ ማሽኑ ዕድሜውን ሙሉ ማሽን ሆኖ ይቀራል። ግን ማሽኑ አልተሳሳተም፣ ያልኩትን ነው ያደረገው፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ያስተካከልኩትም እኔ ነኝ፣ ስህተቱን ለሌላ ከሰጠሁ ሥራውንም ለሌላ ሰጠሁ ማለት ነው። አልሰጥም። እማማን ስሰናበታቸው መረጃው ላይ ምን ብዬ ልጻፍ ብዬ ጠየቅኳቸው፣ አይታወቅም በይዋ፣ አለማወቅ ነውር ነው እንዴ፣ አሉ፣ በሩን ሊዘጉ ሲሉ መልሰው ከፈቱት፣ ግን ክረምት በይበት።

ልደታቸው ክረምት መሆኑን ሰማንያ ዓመት የሚያውቁ ሴት ለአንድ ኬክ ይሉኝታ መጋቢት ሆኑ። እኔስ? እኔ ሻይ እያማሰልኩ ስንት ነገር ሆንኩ፣ የእንክብካቤ አስተዳደር ሆንኩ፣ ጢም ያለው ሰው ወዳጅ ሆንኩ፣ አርብ ደግሞ ባለቤት እሆናለሁ። ባዶ የሰጠኋት እኔ ነኝ እኮ፣ እህቴ ምን ታድርግ፣ ብርጭቆዋ ውስጥ የነበረውን ነው ይዛ የቀረችው፣ ስኪፖል ስትቀበለኝ ሻንጣዬን ደረቴ ላይ አቅፌ የቆምኩትን ልጅ።

ቢሮው ድሮ የብስክሌት መጠገኛ ነበር፣ ዝናብ ሲዘንብ አሁንም ጎማ ጎማ ይሸታል። እህቴ ስልክ ላይ ናት፣ መነጽሯ ግንባሯ ላይ፣ መነጽሯን በሌላ እጇ ጠረጴዛው ላይ እየፈለገች፣ ግንባርሽ ላይ ነው እላታለሁ፣ ትስቃለች፣ ስልኩን ትዘጋለች። ካፖርቴን ሳላወልቅ ካልነገርኳት አልነግራትም። እትዬ፣ ሮተርዳም ያለውን ነገር ልነግርሽ ነው።

ተመስገን፣ ትላለች፣ ወንበር ትስባለች። ሐበሻ ነው?

አይደለም።

ፈረንጅም ሰው ነው፣ ያገባ ካልሆነ። ያገባ ነው እንዴ?

ሰው አይደለም እትዬ።

ታየኛለች። አፏ ክፍት ነው። የሚቀጥለውን ሁሉ እነግራታለሁ፣ ከመሃል ነው የጀመርኩት፣ ከብርጭቆው፣ ከእማማ ጸሐይወርቅ ወንዝ፣ ወደ ኋላ ወደ ኬስ፣ ወደ ሲ፣ ወደ ፊት ወደ ወደቡ፣ ነገ መልስ ወደሚጠብቁት ሰዎች፣ ድምፄ ከሦስተኛው ረድፍ የማያልፍ ድምፅ ነው፣ ግን ቢሮው ጠባብ ነው፣ ይሰማል፣ አልቆምኩም፣ ሳወራው ልክ እንደ ስጽፈው ሆነልኝ፣ አንዱ መስመር ቀጣዩን ይጠራል፣ የልደቱን ፕሮግራም የሠራሁት እኔ ነኝ ስል ዓይኗን ወደ ኮምፒዩተሩ ላከች፣ እዚያ ውስጥ ሌላ ሰው ታገኝ ይመስል፣ መለሰችው።

አርብስ፣ አለች።

አርብ አልፈርምም።

ተነሣች፣ ሁለት የታጠቡ ኩባያዎች እንደገና ታጥባለች፣ ጀርባዋን ነው የማየው፣ በዚያ ጀርባ ስንት ባልዲ ተሸክማለች። ሁለት ዓመት አጠገቤ ተቀምጠሽ፣ ትላለች ለግድግዳው፣ ስለ ዝናብ እናወራለን፣ ስለ ሽንኩርት እናወራለን፣ አንቺ ይህን ሁሉ ይዘሽ። ብትነግሪኝ ምን እል ነበር?

ተይው ትይኝ ነበር።

ውሃው ይወርዳል። ቧንቧውን ትዘጋለች። አዎ፣ ትላለች፣ ተይው እልሽ ነበር።

እኔም እተወው ነበር፣ እላታለሁ፣ ለዚህ ነው።

ይህን አሰብኩት ወይስ ተናገርኩት፣ ተናገርኩት፣ ዞራ እያየችኝ ነው፣ ፊቷ የተቆጣ ሰው ፊት አይደለም፣ የተከፋ ሰው ነው፣ መከፋቷን አላባብልም፣ የእሷ ነው፣ ይገባታል። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። አሳዪኝ፣ አለች።

ተቀመጥኩ፣ ከነካፖርቴ፣ እጄ ቁልፎቹን ሲያገኝ ሁሉም ነገር ፀጥ አለ፣ ይህ የእኔ ቦታ ነው፣ እዚህ አላፍርም፣ መስመሮቹን እያሳየሁ ይህ ሲ ነው፣ ይህቺ ምልክት፣ ይህ ጥያቄው፣ ይህ ብርጭቆው፣ ይህቺ ጠቋሚዋ እላታለሁ፣ ምንም አልገባትም፣ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ ትተነፍሳለች፣ እማማ ያሉኝን ክረምት ጨመርኩበት፣ አስኬድኩት፣ ስሞቹ ወረዱ፣ ጋሽ ገብረሥላሴ፣ መጋቢት፣ ጸሐይወርቅ። መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች፣ ቀኑ አይታወቅም፣ ክረምት፣ ይጠየቅ፣ ብላ እንደ ልጅ ፊደል በፊደል አነበበች። ይጠየቅ የሚለውን ደገመችው። ማሽኑ እንኳ ይጠየቅ ሲል አንቺ እኔን አልጠየቅሽኝም፣ አለች፣ አንቺም አልጠየቅሽኝም አልኳት፣ ዝም አለች፣ ትክክል ነው ማለቷ ነው፣ እኔም ትክክል ነው ብዬ ዝም አልኩ፣ ይህን ዝምታ ሁለታችንም አንድ ዓይነት ሰማነው።

ሐምሌ ላይ የእማማን ኬክ አንቺ ነሽ የምትገዢው፣ ትላለች፣ ከወደቡ ደመወዝ።

ስልኩን አነሣች። ኖታሪሱ ቢሮ ትደውላለች፣ ሆላንድኛዋ ጮክ ያለ ነው፣ ስኪፖል በማጽጃ መኪና ድምፅ መሃል የተማረችው፣ ሐምራዊት ከምትባለው የቢሮው ጸሐፊ ጋር ይተዋወቃሉ፣ ከእኛው የሆነች ልጅ ናት፣ ወዲያው ወደ አማርኛ ተሻገሩ፣ አርብ ብቻዬን ነው የምመጣው፣ አይ አልታመመችም፣ አልተጣላንም፣ ሥራ ይዛለች፣ ሮተርዳም፣ አዎ ትልቅ ነው፣ ምን ሥራ? ስልኩን በመዳፏ ከደነችው። ምን ልበላት፣ አለችኝ፣ ምን ይባላል የምትሆኚው?

ቃሉ እዚያው ነበር፣ ከምላሴ በታች፣ ሁለት ዓመት የቆየበት ቦታ። ፕሮግራመር፣ እላለሁ። ጆሮዬ ጋለ፣ ይጋል።

እህቴ መዳፏን አንሥታ ስልኩን ወደ አፌ አስጠጋችው። አልተሰማትም፣ አለች፣ ጮክ በይ።

ጮክ እላለሁ።